የስድሳ ዓመት ዕድሜ ያለው ቤዝ ትሮምቦን ይገዛል?

ጥያቄ፦ በወጣትነቴ በጦር ሠራዊት የማርሽ ባንድ ውስጥ ቴነር ትሮምቦን እነፋ ነበር። አሁን የምኖረው በሜሪላንድ ሲሆን፣ በአካባቢያችን ያለ የአማተሮች ቢግ ባንድ (ትልቅ የጃዝ ባንድ) አራተኛውን የትሮምቦን ወንበር እንድይዝ ጋብዞኛል፤ ይህ ወንበር ግን ቤዝ ትሮምቦን ይፈልጋል። አንድ ጡረተኛ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራና ቤሉ (ድምፅ የሚወጣበት ሰፊ አፉ) ላይ «ኮን፣ ኤልክሃርት» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት ባለ አንድ ቫልቭ (ሲጫኑት ተጨማሪ ቧንቧ የሚከፍት ቁልፍ) ቤዝ ትሮምቦን ሊሸጥልኝ ፈቃደኛ ነው። የቀለም ሽፋኑ በብዙ ቦታ ለቋል። ልግዛው? ከገዛሁትስ ቀለሙን ላሳድሰው?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የመሣሪያ አምራቹ ኮን በኢንዲያና ግዛት በኤልክሃርት ከተማ ይሠራቸው የነበሩት ትሮምቦኖች ዛሬም በሙዚቀኞች ዘንድ ተፈላጊ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራው ወደ ቴክሳስ በመዛወሩ፣ በኮን መሣሪያ ላይ የሚገኘው «ኤልክሃርት» የሚለው ቃል በአብዛኛው የቀደመውን ዘመን ያመለክታል። በሌላው አምራች በባክ መሣሪያዎች ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የቪንሰንት ባክ ኩባንያ በኒውዮርክ ግዛት በማውንት ቨርነን ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ለመሣሪያ አምራቹ ሴልመር ተሽጧል፤ ወደ ኤልክሃርት የገባውም ከዚያ በኋላ ነው። ሌላ መሣሪያ ለማየት ካሰቡ ይህን ልዩነት ልብ ይበሉ።

የቫልቩን ቁጥር በተመለከተ፣ ቤዝ ትሮምቦን ከቴነሩ የረዘመ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የሁለቱም መሠረታዊ ድምፅ ግን ቢ ፍላት ሲሆን ቧንቧቸው ወደ 2.7 ሜትር ይደርሳል። ቤዙ የሚለየው በቧንቧው ስፋት (14.3 ሚሊ ሜትር ገደማ) እና በቤሉ ትልቅነት ስለሆነ፣ የለመዷቸው ሰባቱ ፖዚሽኖች (የስላይዱ፣ ማለትም የሚሳበው ቧንቧ፣ ማቆሚያ ቦታዎች) አይለወጡብዎትም፤ የሚከብድዎ ትንፋሹ ነው። ቫልቩን ሲጫኑ መሣሪያው ወደ ኤፍ ይወርዳል። ቧንቧው በዚህ ጊዜ ስለሚረዝም በፖዚሽኖቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ ስላይዱም እስከ ዝቅተኛው ሲ ያደርስና ከዚያ በታች ያለው ቢ ናቹራል ላይ ያጥራል። ሁለተኛው ቫልቭ የተጨመረው በዋናነት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በባለ አንድ ቫልቩ መሣሪያ የቫልቩን ማስተካከያ ቧንቧ ወደ ውጭ ስቦ ድምፁን ማግኘት ይቻላል፤ በፈጣን ሙዚቃ መሃል ግን ለዚህ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የባንዱን ኖታዎች ተውሰው ይህ ድምፅ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይቁጠሩ። አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ አንድ ቫልቭ ይበቃዎታል፤ ክብደቱም ለክንድ ይቀላል።

ዋጋውን በእኔ አስተያየት መወሰን ያለበት ስላይዱ ነው። የውጭውን ስላይድ አውጥተው የውስጦቹን ሁለት ቱቦዎች በብርሃን ይመልከቱ፤ የክሮም ሽፋኑ ተልጦ ከሥሩ ሌላ ቀለም ከታየ፣ ቱቦዎቹን መለወጥ ወይም እንደገና ማስለበጥ ቀላል ወጪ አይደለም። ከዚያ የውጭውን ስላይድ አንዱን እግር ብቻ፣ ቀጥሎም ሌላውን ብቻ እያስገቡ ይሞክሩ። ለየብቻቸው በነፃነት ሄደው አንድ ላይ ሲገቡ የሚይዙ ከሆነ ሁለቱ ቱቦዎች ትይዩነታቸውን አጥተዋል ማለት ነው፤ ይህን ግን ጥሩ የትንፋሽ መሣሪያ ጠጋኝ ያቃናዋል። ለቫልቩ ደግሞ፣ ሳይጫኑት የማስተካከያ ቧንቧውን ትንሽ ይሳቡና ጥቂት ሰከንድ ቆይተው ይጫኑት፤ «ፖ!» የሚል ድምፅ ከሰሙ አየር አያሳልፍም። ማውዝፒስዎን (የሚነፉበትን አፍ) ይዘው መሄድም አይርሱ፤ ቤዝ ትሮምቦን ሰፊ እግር ያለው ማውዝፒስ ስለሚፈልግ፣ የቴነሩ ማውዝፒስ በውስጡ የሚወዛወዝ ከሆነ ሌላ መግዛት ሊኖርብዎ ነው።

የለቀቀው ቀለም አያስጨንቅዎ፤ ሊያስጨንቅዎ የሚገባው ሮዝ ነጠብጣብ ነው። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል በመሆኑ፣ በቧንቧው ውስጥ የሚቀረው እርጥበት ዚንኩን ቀስ በቀስ ያወጣዋል፤ የሚቀረው መዳብ ከውስጥ ወደ ውጭ እየተበላ ይመጣና መሃሉ ጠቆር ያለ ሮዝማ ነጥብ ሆኖ ይታያል። በስላይዱ ታችኛው ጥምዝና በማስተካከያ ቧንቧው ላይ ይፈልጉት። ይህ አይጸዳም፤ ክፍሉ ይለጠፋል ወይም ይለወጣል እንጂ።

ቀለሙን ስለ ማሳደስ ለጠየቁት፣ አያሳድሱት። አዲስ ሽፋን ከመቀባቱ በፊት ብረቱ በማሽን ስለሚፈገፈግ፣ ቀጭኑ ቤል ይበልጥ ይሳሳል፤ የተቀረጸው ጽሑፍም ይደበዝዛል። እንዲያውም ሻጩ ዘንድ ሲሄዱ ጽሑፉን በጣትዎ ዳብሰው ይዩት፦ ጠርዙ አሁንም ስለታም ከሆነ ማንም አልፈገፈገውም ማለት ነው።