የአኩራፊ ምሳ

አንድ ልጅ ቢሮዬ መጣ። ቢሮ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ከአንድ እንጀራ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። የሰው ታክስ እየሠራሁ እዚያ 26 ዓመት ተቀምጫለሁ። ልጁ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ለቤቱ ወደሚቀርበው ቅርንጫፍ አዘዋውሩኝ ብሎ ጠይቆ እምቢ ተባለ።

"ጋሼ፣ እስኪያዘዋውሩኝ ድረስ አልገባም። ኳስ ተጫዋቹ ማይካ ፓርሰንስም እንዲህ አድርጎ ነው 188 ሚሊዮን ዶላር የበላው" አለኝ።

ወንበር ሳብኩለት። ያን ቀን ያልኩትን ለእናንተም ልጻፈው፤ እንደ እሱ የምታስቡ ብዙ ናችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው። ኳስ ስልም አሜሪካኖቹ "ፉትቦል" የሚሉትን፣ በእጅ የሚያዘውን ማለቴ ነው።

ኤንኤፍኤል በሚባለው ሊጋቸው ውስጥ ውል ያለው ተጫዋች በገዛ ፈቃዱ ቡድን አይቀይርም። ቡድኑ ካልለወጠው ወይም ካላሰናበተው የትም አይሄድም። በእጁ ያለው መሣሪያ አለመገኘት ነው። የዝግጅት ካምፕ አይገባም፣ ልምምድ አይሠራም፣ ቤቱ ይቀመጣል። እነሱ "ሆልድአውት" ይሉታል። እኛ ግን ጥሩ ስም አለን፤ ኩርፊያ። አኩራፊ ምሳው እራት ይሆነዋል ይባል የለ? የእነሱ ችግር ምሳው ለእራት አለመቆየቱ ነው። የዓመቱ ደሞዝ በውድድሩ ሳምንታት ተከፋፍሎ ነው የሚታሰበው። ያልተገኘህበት ሳምንት ገንዘብ አለቀ፣ የለም።

ሌቪዮን ቤልን ውሰዱ። የፒትስበርግ ስቲለርስ ራኒንግ ባክ ነበር፤ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ማለት ነው። በ2017 ውድድር ኳስ ይዞ የሮጠውና የተቀበለው ሲደመር 406 ጊዜ ነው። 406 ጊዜ ግዙፍ ሰዎች ተረባርበውበታል ማለት ነው። በ2018 ቡድኑ የአንድ ዓመት 14.54 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት። በወቅቱ እንደተዘገበው ደግሞ የአምስት ዓመት 70 ሚሊዮን የሚሆን ውል ቀርቦለት ዋስትና ያለው ገንዘብ አነሰኝ ብሎ አልፈረመም። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ውሃ ያነሳል። እዚያ ሊግ ውስጥ ውል ላይ የተጻፈ ገንዘብ ሁሉ ገንዘብ አይደለም፤ ዋስትና የሌለው ክፍል ጉልበትህ የተሰበረ ቀን አብሮህ ይሰበራል።

ስለዚህ ቤል አልፈረመም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ 855 ሺህ ዶላር። ሁለተኛው አለፈ። የመፈረሚያው የመጨረሻ ቀን ኅዳር ላይ ሲያልፍበት የዓመቱ 14.54 ሚሊዮን ሙሉ በሙሉ ሄደ። በማግስቱ የቡድን ጓደኞቹ መልበሻ ክፍል ገብተው ቁምሳጥኑን ከፈቱና ጫማዎቹን ተካፈሉ። እየሳቁ። በቦታው የገባው ጄምስ ኮነር የሚባል ልጅ ነው። የዚያ ዓመት ደሞዙ ቤል በአንድ ሳምንት ከሚተወው ያንስ ነበር። 12 ጊዜ ሮጦ አስቆጠረና የኮከቦቹ ቡድን ውስጥ ተመረጠ።

ቤል በ2019 ወደ ኒው ዮርክ ጄትስ ሄደ፤ ለአራት ዓመት 52.5 ሚሊዮን። አንድ አሮጌ ፖስታ ገልብጬ ለልጁ ጻፍኩለት። 52.5 ለአራት ሲካፈል 13.125። የተወው 14.54። ጥሩ ጭማሪ ነው የሚያስብለው የት ላይ ነው? አራቱን ዓመትም አልጨረሰ። ጥቅምት 2020 ላይ አሰናበቱት።

"እሱ ዕድለ ቢስ ሆኖ ነው" አለኝ ልጁ።

ይሆናል። የኔን ልንገርህ አልኩት። ይህን ለብዙ ሰው አልተናገርኩትም።

1993 ነው፤ አሜሪካ ከገባሁ ሁለት ዓመቴ። ዋሽንግተን ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ማታ ማታ ገንዘብ እቀበላለሁ። በሰዓት 7 ዶላር። በዚያን ሰሞን የዳላስ ካውቦይሱ ራኒንግ ባክ ኤሚት ስሚዝ ካልጨመሩልኝ አልጫወትም ብሎ ቤቱ ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ጨዋታ ዳላስ እዚሁ የኛ ከተማ መጥቶ 35 ለ 16 ተሸነፈ። ሠራተኛው ሁሉ በደስታ ሰከረ። ሁለተኛውንም ተሸነፉ። ያን ጊዜ የቡድኑ ባለቤት የአራት ዓመት 13.6 ሚሊዮን ፈረመለት። ስሚዝ ተመልሶ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ዳላስም ዋንጫውን በላ።

እኔም ተነሳሁ። አንድ ዶላር ጨምሩልኝ፣ አለዚያ ነገ አልመጣም አልኩ። አልጨመሩም። አልመጣሁም። ደውለው ይለምኑኛል ብዬ ስልኩ አጠገብ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን ጃኬቴን ልወስድ ሄድኩ። ያገሬ ልጅ እኔ ገንዘብ የምቀበልበት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ጃኬቴን ለብሶታል። "ይቅርታ ወንድሜ፣ በርዶኝ ነው" አለኝ።

11 ሳምንት ሥራ ፈታሁ። 3,080 ዶላር ማለት ነው። ያገኘሁት አዲስ ሥራ የጨመረልኝ በሰዓት 50 ሳንቲም፣ በሳምንት 20 ዶላር። የጠፋው ገንዘብ የሚመለሰው በ154 ሳምንት ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። የሒሳብ ትምህርት የጀመርኩት ይህን ካሰላሁ በኋላ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም። ኤሚት ስሚዝ ሲያኮርፍ ዳላስ ተሸነፈ። እኔ ሳኮርፍ አንድም መኪና ሳይከፍል አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከብዷል። በ2020 የተፈረመው የሊጉና የተጫዋቾቹ ስምምነት ውል እያለው ካምፕ የቀረ ነባር ተጫዋች በቀን 50,000 ዶላር ይቀጣል ይላል። ድሮ ሲታረቁ ቡድኑ ቅጣቱን ይምር ነበር። አሁን ቅጣቱን ሊምር አይችልም። የተቃራኒ ቡድን ኳስ ወርዋሪን መጣል ሥራው የሆነው ሐሰን ሬዲክ ይህን በራሱ ኪስ አየው። በ2024 ሚያዝያ ከፊላደልፊያ ወደ ጄትስ ተዘዋወረ። አዲስ ውል ካልሰጣችሁኝ ብሎ አልገባም አለ። አምስት ወር ሳይሞላው ደግሞ ሌላ ቦታ አዘዋውሩኝ አለ። ቡድኑ አናዘዋውርም አለ። የዓመቱ ደሞዙ 14.25 ሚሊዮን ነበር፣ በሳምንት ወደ 790 ሺህ። ሰባት ጨዋታ ቀረ። ከአምስት ሚሊዮን በላይ ማለት ነው፣ የካምፑ ቅጣት ሳይቆጠር። ጥቅምት ላይ ሲመለስ ውሉን አስተካክለው ከጠፋው ጥቂቱን የሚያገኝበት መንገድ ከፈቱለት። ግን ያለ ልምምድ የከረመ ሰውነት ነው። በአሥር ጨዋታ ኳስ ወርዋሪውን የጣለው አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 11 ጊዜ ጥሎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ታምፓ ቤይ ለአንድ ዓመት 14 ሚሊዮን ሰጠው። ካኮረፈበት የዓመት ደሞዝ በ250 ሺህ ያነሰ።

ለነገሩ ወኪሉም አብሮ ይጎዳል፤ ደሞዝ ከሌለ የሱ ድርሻ፣ ቢበዛ ሦስት በመቶ፣ የለም። "በርታ፣ እንዳትገባላቸው" የሚሉት ጓደኞች ግን ሦስት በመቶም አይከፍሉም። ልጁን እነማን እንደመከሩት ጠየቅኩት። ሳቀ።

ገንዘብ የማይለካው ኩርፊያም አለ። ትሬንት ዊልያምስ እዚሁ ዋሽንግተን ይጫወት ነበር። ጭንቅላቱ ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። የቡድኑ ሐኪሞች ችላ ብለውኛል አለና በ2019 አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ከረመ። ሳን ፍራንሲስኮ ወሰደው፣ በ2021 የስድስት ዓመት 138 ሚሊዮን ፈረመ። ባይፈርምም እኔ አልወቅሰውም ነበር። የታማኝነት ጉዳይ በፖስታ ጀርባ አይሰላም።

"ፓርሰንስስ?" አለኝ ልጁ። እሱን አልረሳም።

ፓርሰንስ እኮ አልቀረም። ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። በ2025 ካምፑ ገባ፤ ከዚያ ዳላስን አዘዋውሩኝ ብሎ በአደባባይ ጻፈ። በየቀኑ መጣ። ስብሰባ ገባ። ጀርባዬን አሞኛል ብሎ ልምምድ ብቻ አልሠራም። አንዱ የዝግጅት ጨዋታ ላይ ሜዳው ዳር የሕክምና አልጋ ላይ ተጋድሞ በቴሌቪዥን ታየ፤ ያገር ሰው ተንጫጫበት። ቅጣት ግን የለም፤ በቦታው ተገኝቷላ! ይህንኛውን "ሆልድኢን" ይሉታል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግሪን ቤይ ወሰደውና የአራት ዓመት 188 ሚሊዮን ሰጠው።

ልጁ ፖስታውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሻይ አልጠጣም ብሎ ሄደ። ያኮረፈኝ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። መልዕክት ነው።

"ጋሼ፣ ገብቻለሁ። ኦቨርታይም ግን አልሠራም ብያቸዋለሁ።"