ከአስር ሌላ በምን ይቆጠራል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ደሴ ላይ ሒሳብ አስተምራለሁ። ሰሞኑን «በአስር የምንቆጥረው ጣታችን አስር ስለሆነ ነው፤ ቁጥሩ ራሱ አስርን አልመረጠም» ብዬ ስጽፍ ጥያቄው በዛ። የምንቆጥርበት ቁጥር፣ ለምሳሌ አስር፣ «መሠረት» ይባላል። ተራ በተራ ልመልስ።

መምህር፣ መሠረቱ ሲቀየር ተጋማሽ ቁጥር ኢተጋማሽ ይሆናል እንዴ? ግራ ገባኝ። (የ9ኛ ክፍል ተማሪ)

አብሽሪ፣ አይሆንም። አስራ ሁለት በግ በምንም ብትቆጥሪው ለሁለት ሰው እኩል ይከፈላል። የሚቀየረው መለያው ነው። በሦስት መሠረት 5 የሚጻፈው «12» ተብሎ ነው፤ አንድ ሦስትና ሁለት። በ2 ቢያልቅም ተጋማሽ አይደለም። እዚያ አሃዞቹን ደምሪ፦ 1+2=3፣ ኢተጋማሽ። የሦስት መሠረት ቤቶች 1፣ 3፣ 9፣ 27 ሁሉም ኢተጋማሽ ስለሆኑ ድምሩ ቁጥሩን ይከተላል። በ5፣ በ7፣ በማንኛውም ኢተጋማሽ መሠረት እንዲሁ ነው።

ባቲ እህል እሸጣለሁ። ይሄ ለኔ ምን ይረባኛል?

እትዬ፣ እንዲያውም የእርስዎ ሥራ ነው። ለሰኞ ገበያ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ይዘው ወጡ እንበል። ከ1 እስከ 40 ኪሎ ያለውን ሁሉ፣ ኪሎ ሳይሸረፍ፣ በስንት ብረት ይመዝናሉ? ብረቱን በአንድ ሳህን ብቻ ካስቀመጡ ስድስት ይፈልጋሉ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32። ከእህሉ ጋርም ማስቀመጥ ከቻሉ ግን አራት ይበቃዎታል፦ 1፣ 3፣ 9፣ 27። 14 ኪሎ ጤፍ ሲጠየቁ 27ን ባንድ ወገን፣ 9ን፣ 3ንና 1ን ከጤፉ ጋር ያድርጉ።

ይህ በሦስት መሠረት መጻፍ ነው፤ አሃዞቹ ግን 0፣ 1 እና −1 ናቸው፤ −1 ከእህሉ ጋር የተቀመጠው ብረት ነው። ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1958 «ሴቱን» የተባለው ኮምፒዩተር የተሠራው በዚሁ ስልት ነው። የቁጥሩን ተቃራኒ ለማግኘት 1ን በ−1፣ −1ን በ1 መተካት ብቻ ነው። ከመሠረቶች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

መሠረቱ ራሱ ከዜሮ በታች ቢሆንስ?

ይሆናል። በ−2 ቤቶቹ ከቀኝ ወደ ግራ 1፣ −2፣ 4፣ −8 እያሉ ይሄዳሉ። 3 «111» ነው፣ 4−2+1። −1 ደግሞ «11»፣ −2+1። ሁሉም ሙሉ ቁጥር ያለ መቀነስ ምልክት ይጻፋል፣ ያውም በአንድ መንገድ ብቻ።

ከላሊበላ ነኝ፤ ዲያቆን ነኝ። የግዕዝ ቁጥር መሠረቱ ስንት ነው? ዜሮ ስለሌለው ጎደሎ ነው ይሉናል።

ዲያቆን፣ ጎደሎ አይደለም። አካሄዱ በመቶ ነው። ፳፻፲፯ን እይ፦ ሃያ፣ መቶ፣ አስራ ሰባት። ፻ ጥንዶቹን ይለያል፤ ፼ መቶ ጊዜ መቶ ነው። ባዶ ቤት ስለማይጽፍ ዜሮ አላስፈለገውም።

አሁን ጥንዶቹን ደምር፦ 20+17=37። 2017ን ለ99 ስታካፍል የሚተርፈው ይኸው 37 ነው፤ መቶ ከ99 በአንድ ብቻ ይበልጣልና። 99 ደግሞ 9 ጊዜ 11 ነው። ስለዚህ 37ን ለ11 አካፍል፣ 4 ይተርፋል፤ ከ2017ም የሚተርፈው 4 ነው። በአስር መሠረት አሃዝ ደምረን በ3ና በ9 ብቻ እንፈትናለን፤ በግዕዙ ጥንድ በ9ም በ11ም በአንድ ድምር ይፈተናል።

2017 ብቸኛ ቁጥር ነው። በሌላ መሠረትስ?

በሁሉም ብቸኛ ነው፤ በምንም ቢጻፍ ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የለውም። ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት መነበብ ግን የአጻጻፍ ነገር ነው፦ 9 በሁለት መሠረት «1001»፣ በሦስት «100»። ከ2 የሚበልጥ ማንኛውም ቁጥር ደግሞ ከራሱ በአንድ በሚያንስ መሠረት ሲጻፍ «11» ይሆናል። 2017ም በ2016 መሠረት «11» ነው።