«10 ኪሎ ሜትር» ወይስ «10 ኪሎ ሜትሮች»?

ጥያቄ፦ ኪሎ ሜትርን ወደ ማይል የሚቀይርና ውጤቱን በድረ ገጽ የሚያሳይ አጭር ፕሮግራም በፓይተን ጽፌአለሁ። የእንግሊዝኛ ናሙና ተከትዬ፣ ቁጥሩ ከ1 ሲበልጥ «ኪሎ ሜትሮች»፣ «ማይሎች» እንዲል አደረግሁት። ባልደረባዬ ግን ጆሮ ይቆረቁራል አለኝ። ማናችን ነን ልክ? የገጹ ርእስስ «መቀየሪያ» ይሁን ወይስ «መለወጫ»? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው፤ ያንን መስመር ከፕሮግራሙ ያውጡት። በአማርኛ ቁጥሩ ራሱ ብዛትን ስለሚናገር፣ የተቆጠረው ስም የብዙ ቁጥር ምዕላድ እንዲይዝ አይገደድም፤ ስሙ መለኪያ ሲሆን ደግሞ በነጠላ መቆየቱ የቋንቋው ጽኑ ልማድ ነው። ሦስት ክንድ፣ አምስት ስንዝር፣ ሁለት ቁና፣ አሥር ጋሻ መሬት ስንል ኖረናል፤ ኩንታልና ኪሎም ከውጭ ሲገቡ ለዚሁ ሥርዐት አደሩ። ከሰፈርዎ ብዙም የማይርቁት አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ በስማቸው ይመሰክራሉ።

ግእዝ «ዐሠርቱ ቃላት» ስለሚል ከቁጥር በኋላ ብዙ ቁጥር ግድ ነው የሚሉ አሉ። ማስረጃቸው ጎዶሎ ነው፤ ያው ግእዝ ጊዜን ሲለካ «አርብዓ ዕለተ ወአርብዓ ሌሊተ» ይላል፣ የማቴዎስ ወንጌል አማርኛም «አርባ ቀንና አርባ ሌሊት» ብሎ ተከትሎታል። ደግሞም ምዕላዱ በቃሉ ጫፍ ዝም ብሎ አይለጠፍም፤ «ሜትር» «ሜትሮች» ሲሆን ሳድሱ «ር» ሳብዕ ይሆናል፣ «ኪሎ» ግን «ዎች»ን ይጨምራል፣ ስለዚህ ፕሮግራምዎ የቃሉን መጨረሻ ፊደል እያየ የተለያየ ደንብ መከተል ይኖርበታል።

«የቀሩት ሦስት ኪሎ ሜትሮች ዳገት ናቸው» ሲባል እያንዳንዱ ተነጥሎ ስለሚታሰብ አልቃወምም፤ በዜናም «አምስት ኪሎ ሜትሮች» እየተለመደ መምጣቱን ሳልወድ እቀበላለሁ። የስሌት ውጤት ግን አንድ መጠን ነውና ማሰሪያ አንቀጹም ነጠላ ይሁን። 1 ማይል በትክክል 1.609344 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ 10ን ለዚህ አካፍለው ከነጥብ በኋላ ሁለት አኀዝ ብቻ ሲያስቀሩ ቁጥሩ የተጠጋጋ ይሆናል፤ ገጹ «10 ኪሎ ሜትር 6.21 ማይል ያህል ነው» ይበል። «ያህል»ን አይተዉት።

ስለ ርእሱ፣ «ለወጠ» የግእዙ «ወለጠ» ፊደላቱ ቦታ ተለዋውጠው የመጣ ቃል ነው፤ የጥንቱ መልክ ዛሬም በስም ፈንታ በሚገባው «ተውላጠ ስም» ውስጥ ይኖራል። እኔ ግን «መመንዘሪያ»ን እመርጣለሁ፤ መቶ ብር ሲመነዘር ዋጋው እንዳለ ሆኖ መልኩ ብቻ እንደሚለወጥ፣ ርቀትም ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲዛወር እንዲሁ ነው። ለዚህ ምርጫ ከራሴ ጆሮ በቀር የአጠቃቀም ማስረጃ የለኝም፤ በስልክና በኮምፒውተር «መቀየሪያ» አሸንፏል፣ ተጠቃሚውም የሚፈልገው «ቀይር» የሚል ቁልፍ ነው። ስለዚህ ቁልፉን «ቀይር» ይበሉት፤ ከገጹ አናት ላይ ግን «የርዝመት መመንዘሪያ» ብለው ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።