ለብቸናዋ እህት፦ «እርጅና ነው» ሲሉሽ እሺ ብለሽ እንዳትመለሺ

እህቴ፣ እናትሽ ሲያስሉ ሽንት እንደሚያመልጣቸው፣ ሆዳቸው እንደሚደርቅ፣ የወንድምሽ ልጅ ደግሞ በ7 ዓመቱ አልጋ ላይ እንደሚሸና ጽፈሽ «የት ልውሰዳቸው?» ብለሻል። የእኔም እናት እንዲሁ ነበረች። የደብረ ማርቆስ ሰዎች ነን። ዛሬ ቆማ ታስቀድሳለች፤ ስለዚህ የምልሽን ስሚኝ።

አንደኛ፣ የጤና መድን ካላችሁ ደብተሩን ይዛችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሪፈር ሳታጽፉ ሆስፒታል ብትገቡ ከኪስ ትከፍላላችሁ።

ሁለተኛ፣ ሽንትና ስኳር ሳይመረመር የመጣ መድኃኒት አትቀበዪ። እዚህ ላይ አሁንም ያንገበግበኛል። አንድ ክሊኒክ «ኢንፌክሽን ነው» እያለ፣ አንዴም ሽንቷን ሳያይ፣ በየጊዜው አንቲባዮቲክ ይሰጣት ነበር። ብሩ አለቀ፣ ሽንቷ አልቆመም። እሷም እንዳያመልጣት ብላ ውኃ መጠጣት ተወች። ድርቀቱ ባሰ፣ ድርቀቱ ሲብስ ሽንቱም ባሰ። ሰገራ ሲጠራቀም ፊኛውን ይጫነዋል፤ ይህን የነገረን ግን አልነበረም።

ሦስተኛ ልልሽ ያሰብኩት ስለ ካርድ ክፍል ነው። ሆስፒታል ስንደርስ ካርድ የሚያወጣው ልጅ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ «ሽንት አይቋጥራትም ያላችኋት የትኛዋ ናት?» አለ። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ «ቤቴ ውሰዱኝ» አለች። ሐኪሙም ቀና ብሎ ሳያያት «እማማ፣ እርጅና ነው» ብሎ ሸኘን። ሌላ ሆስፒታል ወሰድኳትና «ሳትመረመር ከዚህ አንወጣም» ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ውጪ ቢሉኝም አልወጣሁም። እግዜር ይስጣት፣ አንዲት ሐኪም መጋረጃ ስባ በወጉ መረመረቻት። 8 ልጅ የወለደች ሴት ናት፤ የታችኛው ጡንቻዋ ላልቷል፣ ሆዷም በድርቀት ተሞልቷል አለችን።

መጀመሪያ ድርቀቱ ታከመ። ውኃ፣ ተልባ፣ ጎመን፣ ከቁርስ በኋላ ሳያምጡ ሽንት ቤት መቀመጥ። ቡናዋ ከአቦል እንዳያልፍ ተደረገ፤ ቡና ፊኛን ያስቸኩላል። ከዚያ ስፖርቱን አስተማረቻት፦ ፈስ እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ወደ ላይ ሰብሰብ ማድረግ፣ እስከ 10 ቆጥሮ መልቀቅ። አስር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። መጀመሪያ 3 ወይም 4 ብቻ ቢቆጥሩ ችግር የለውም። እየሸኑ መለማመድ ግን የለም። እናቴ ጥጥ ስትፈትል ነበር የምትሠራው፤ እንዝርቷን ቆም ታደርግና ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እየቆጠረች እንደሆነ አውቃለሁ። ለውጡ የታየው ወደ ሦስት ወር ገደማ ነው፤ በሳምንቱ አልሆነም ብለው እንዳይተዉት አደራ።

እናትሽ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ይሰማኛል ካሉሽ ማሕፀን ወርዶ ሊሆን ይችላልና ሳታፍሪ ለሐኪሙ ንገሪ። ወሊድ ከበረታባት በኋላ ሌት ተቀን ሽንት የሚፈሳት ሴት በሰፈራችሁ ካለች ደግሞ ጉዳዩ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል በነፃ ያክማል። ሽንት ጭራሹን ከተዘጋ፣ ወይም ወገብ ታሞ በጭን መሃል ከደነዘዘ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

ጠበሉን አትከልክያቸው፤ ሐኪም ቤቱንም አታስቀሩባቸው።

የልጁን ነገር ለወንድምሽ አንብቢለት። በ7 ዓመት ማታ የሚሸና ልጅ ብዙ ነው፤ አብዛኛው እያደገ ይተወዋል። ተኝቶ የሚሆነውን አያውቀውም፤ መምታትና ፍራሹን ጎረቤት እንዲያየው ደጅ ማስጣት ይቁም። እሱም ሆዱ እንዳይደርቅ እዩት፣ ውኃውን ቀን ቀን ይጠጣ፣ ሳይተኛ ይሽና። ትቶት ቆይቶ እንደገና ከጀመረው፣ ወይም ውኃ ውኃ እያለ ከከሳ ግን ሳታሳድሪ ስኳሩን አስለኪው።