ኮርቻው ለሁለት እግር ነው፤ ህመሙ ለምን በአንዱ?

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት መምህር ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ውጭ አገር ያለው ታናሽ ወንድሜ ሲነዳው የነበረውን የመንገድ ብስክሌት ከነጫማው ላከልኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ ወደ ጫጫ እነዳለሁ። አንዳንድ እሑድ ደግሞ ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ደብረ ሲና እወርድና የጣርማ በርን ዳገት ወጥቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ቀኝ ጉልበቴን ከውስጥ በኩል ያመኛል። ገና ጫጫ ሳልደርስ ሁለቱም እግሮቼ ከጣቶቼ ሥር ይደነዝዛሉ፤ ከዚያም እንደ እሳት ያቃጥላሉ። ኮርቻውን ከፍ አደረግሁ፣ ዝቅ አደረግሁ፤ ለውጥ የለም። ወንድሜ ብስክሌት በሰውነት ልክ የሚያስተካክል ባለሙያ ፈልግ ይለኛል። ባልደረቦቼ ዕድሜ ነው፣ ተወው ይሉኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ መምህር፣ ወንድምዎን ይስሙ፤ የእኔም ሥራ ይኸው ነው፣ ብስክሌትን በሰውነት ልክ ማስተካከል። ግራው ጉልበት ደህና ሆኖ ቀኙ ብቻ የሚታመም ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ሳይታይ ዕድሜን መወንጀል አይገባም። ኮርቻውን ማንሳትና ማውረድዎ ለምን እንዳልጠቀመዎትም ከዚሁ ይታወቃል። ኮርቻ አንድ ነው፤ የሚያገለግለውም ሁለቱንም እግር ነው። ቁመቱ ሲሳሳት ብዙ ጊዜ ሁለቱም ጉልበቶች ያማርራሉ። አንዱ ብቻ ሲያማርር እኔ መጀመሪያ የምመረምረው የዚያን እግር የብቻ ድርሻ ነው፤ ጫማውን፣ ከጫማው ሥር ያለውን፣ ፔዳሉን፣ የፔዳሉን ክንድ፣ በመጨረሻም እግሩን ራሱን።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው «ከነጫማው» በምትለው ቃል ላይ ነው። ከእንዲህ ያለ ጫማ ሥር በብሎን የታሰረ፣ ፔዳሉን ነክሶ የሚይዝ ፕላስቲክ አለ፤ ብስክሌተኞች ክሊት ይሉታል። ወንድምዎ ያንን ክሊት ያሰረው ለራሱ እግር ነው። እርስዎ አሁን የራስዎን እግር በእሱ አቅጣጫ አስረው እየነዱ ነው። በደቂቃ 80 ዙር የሚነዳ ሰው እያንዳንዱን ጉልበቱን በሰዓት 4,800 ጊዜ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። እግር በፈለገበት አቅጣጫ እንዳይዞር ከተያዘ ጥምዘዛው ወደ ላይ ይሄዳል። ዳሌ እንደ ልቡ ይዞራል፤ ቁርጭምጭሚትም ራሱን ያስተካክላል። መሃል ላይ ያለው ጉልበት ግን የተሠራው በዋናነት ለመታጠፍና ለመዘርጋት ስለሆነ ጥምዘዛውን የሚሸከመው እሱ ነው። በብስክሌተኞች ዘንድ የጉልበት የውስጥ ጎን ህመም ብዙ ጊዜ ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ያድርጉ። ከፍ ያለ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ይቀመጡና ባዶ እግርዎን ያንጠልጥሉ፤ ምንም አያዝዙት። ከላይ ሆነው ጣቶችዎ ወዴት እንደሚያዩ ይመልከቱ። የብዙ ሰው እግር በመጠኑ ወደ ውጭ ያያል፤ ቀኙና ግራውም እኩል አይሆንም። ጫማው ከፔዳሉ ጋር ሲያያዝ ይህንኑ አቅጣጫ መያዝ አለበት። ሲያስተካክሉ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ጣቶችዎ ወደ ውጭ እንዲያዩ የክሊቱን አፍንጫ ማዞር ያለብዎት ወደ ውስጥ፣ ወደ አውራ ጣት በኩል ነው። ብሎኖቹን ከመፍታትዎ በፊት የክሊቱን ዙሪያ በማይለቅ እስክሪብቶ ያስምሩ፤ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት። መመለሻ መንገድ ሳያዘጋጁ ምንም አይፍቱ።

የክሊቱን ቀለምም ይዩ። ሺማኖ በሚባለው ኩባንያ ባለ ሦስት ብሎን ክሊቶች ቀዩ እግርን ጭራሽ አያላውስም፤ ሰማያዊው 2 ዲግሪ፣ ቢጫው 6 ዲግሪ ያላውሳል። ሉክ በሚባለው ሌላ ኩባንያ ኬኦ ክሊቶች ግን ጥቁሩ ነው የማያላውሰው፤ ግራጫው 4.5 ዲግሪ፣ ቀዩ 9 ዲግሪ ይፈቅዳል። በአንዱ ቀይ ከሁሉ የጠበቀው ሲሆን በሌላው ቀይ ከሁሉ የላላው ነው፤ ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አይተው አይወስኑ፣ ስሙን ያንብቡ። ወንድምዎ የላከው የሺማኖ ቀይ ከሆነ፣ ሌላ ምንም ከመንካትዎ በፊት ቢጫውን እንዲልክልዎ ይጻፉለት። ለጉልበት ማሰሪያና ለቅባት ከሚያወጡት ገንዘብ ይልቅ ይህ ይጠቅምዎታል።

ወደ መደንዘዙና ወደ ማቃጠሉ ልምጣ። ይህ በሁለቱም እግር የሚመጣ ስለሆነ ምክንያቱን የምፈልገው ሁለቱ እግሮች በሚጋሩት ላይ ነው። የውስጡን ንጣፍ ከጫማው ያውጡና ወለል ላይ አድርገው ይቁሙበት። ይህንን የሚያደርጉት ማታ ይሁን፤ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል ያብጣል፣ በረጅም ጉዞም እንዲሁ። የእግርዎ ጎን ወይም የጣቶችዎ ጫፍ ከንጣፉ ጠርዝ ካለፈ ጫማው የእርስዎ አይደለም። በእኛ ከተማ ብርድ ደግሞ ሁላችንም ወፍራም የሱፍ ካልሲ እንደርባለን። ጠባብ ጫማ ውስጥ ወፍራም ካልሲ ሲገባ በጣቶች አጥንት መካከል የሚያልፉት ነርቮች ይታመቃሉ። እግርዎን ለማሞቅ ብለው ያደነዝዙታል ማለት ነው። ብርዱን ከጫማው ውጭ በሚጠለቅ ሽፋን ይከላከሉት፤ ካልሲው ስስ ይሁን።

ጫማው በቂ ሆኖ ማቃጠሉ ካልተወዎት ክሊቱ ወደ ፊት ሄዷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ጫማውን አድርገው፣ ከአውራ ጣትዎ ሥር ጎላ ብላ የምትዳሰሰውን አጥንት በጣትዎ ይፈልጉና በጫማው ጎን ምልክት ያድርጉ፤ በትንሿ ጣት በኩልም እንዲሁ። የፔዳሉ መሃል ዘንግ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ማረፍ አለበት። ወደ ጣቶችዎ ቀርቦ ካገኙት ወደ ተረከዝ ይግፉት፤ ለሚያቃጥለው እግር ከመሃሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ቢያልፍም ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ክሊቱ ወደ ኋላ ሲሄድ እግርዎ በተግባር ስለሚያጥር ኮርቻውም በጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ይህንን የሚረሱ ብዙ ናቸው።

ፔዳሉን ደግሞ እንዲሁ አይለፉት። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ከሸኖ መጣ፤ እንደ እርስዎ ቀኝ ጉልበቱን ብቻ ያመው ነበር። ጉልበቱን በሁለት ማሰሪያ ጠፍሮታል። ብስክሌቱን መቆሚያ ላይ ሰቀልሁና ቀኝ ፔዳሉን በጣቴ አግድም እንደያዝሁ የፔዳሉን ክንድ በቀስታ ወደ ኋላ አዞርሁ። ክንዱ ሲዞር ፔዳሉ ቀጥ ብሎ አልቆየም፤ የውጭው ጫፉ በየዙሩ ይወዛወዝ ነበር። ግራውን እንዲሁ ሳዞረው ጫፉ እንደ ምስማር ጸና። ወጣቱ ከወራት በፊት ኮብልስቶን ላይ በቀኝ ጎኑ ወድቆ ኖሮ የፔዳሉ ዘንግ ጎብጧል፤ በየዙሩ ውስጥ እግሩን ይወዘውዘዋል። ፔዳሉን ብቻ ቀየርሁ፤ ሌላ ምንም አልነካሁም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለ ማሰሪያ መጣ። የእርስዎም ብስክሌት በካርቶን ታሽጎ፣ ዕቃ ተጭኖበት የመጣ ስለሆነ ይህንን ፈተና ያድርጉለት። ፔዳሉን መፍታት ካስፈለገ እንደ ፔዳሉ ዓይነት 15 ቁጥር ቁልፍ ወይም ከዘንጉ ጫፍ የሚገባ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ያስፈልጋል፤ የግራው ፔዳል ግን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። በጉልበት ታግለው ክሩን እንዳያበላሹ።

አሁን ኮርቻው። ከፍና ዝቅ ሲያደርጉት ስለ ቆዩ ትክክለኛው ቦታ የት እንደ ነበር ጠፍቶብዎታል፤ ስለዚህ ከልኬት እንጀምራለን። ባዶ እግርዎን ግድግዳ ተደግፈው ይቁሙ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭኖችዎ መካከል ያስገቡና ኮርቻ የሚጫነውን ያህል ወደ ብሽሽትዎ ይግፉት፤ ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ይለኩልዎ። ያንን ቁጥር በ0.883 ያባዙት። 83 ሴንቲ ሜትር ቢወጣ 73.3 ይሆናል፤ ይህ የፔዳሉ ክንዶች ከሚዞሩበት ዘንግ መሃል እስከ ኮርቻው አናት፣ የኮርቻውን ቱቦ ተከትሎ የሚለካ ነው። ስሌቱ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፔዳሉ ከታች ሲደርስ ጉልበትዎ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ታጥፎ መቅረት አለበት። የማዕዘን መለኪያ ከሌለዎ ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ፤ ከታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ካለ፣ በጣቶችዎ ሥር ሲረግጡ ተገቢውን እጥፋት ለማግኘት ቀርበዋል ማለት ነው። ከኋላዎ የሚከተል ሰው ዳሌዎ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ካየ ግን ከፍ ብሏል።

ኮርቻው ላይ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ በአንድ ጊዜ አይነካ። ሥራውን በጀመርሁበት ዘመን የአንድ ደንበኛዬን ኮርቻ 2 ሴንቲ ሜትር በአንዴ ከፍ አደረግሁለት፤ ስሌቱ ትክክል ነበር። ሰውየው ግን በሳምንቱ ቋንጃውን ይዞ እያነከሰ መጣ። ለዓመታት አጥሮ የኖረ ጅማት በአንድ ቀን ሲሳብ ያምፃል። ከዚያ ወዲህ ቱቦው ላይ ፕላስተር ለጥፌ፣ ቀን ጽፌበት፣ ጥቂት በጥቂት ነው የማነሳው። ኮርቻው ሲነሳ ደግሞ ቱቦው ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ መስመር ከውጭ መታየት የለበትም። ያንን መስመር አሳልፎ አጥብቆ የሚሸኝ ጠጋኝ ሳይ በጣም እናደዳለሁ፤ ቁልቁለት ላይ ቱቦው ቢሰበር የሚወድቀው እሱ አይደለም።

ህመሙ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር ይህንን ያስታውሱ። ፊት ለፊት፣ ከጉልበት ሎሚው አካባቢ ካመመዎ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይም ወደ ፊት ቀርቧል፤ ቋንጃዎን ካመመዎ ከፍ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ሸሽቷል። የኮርቻውን የፊትና የኋላ ቦታ ለማየት የግንበኛ ቱንቢ ይበቃል። ብስክሌቱ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ይቁም፣ የፔዳሉ ክንዶች አግድም ይሁኑ፤ ከሎሚው በታች ካለችው ጉብታ ገመዱን ልቀቁት። ገመዱ በፔዳሉ ዘንግ አካባቢ ቢወርድ ጥሩ መነሻ ነው።

የጣርማ በር ዳገት ግን የራሱ ጉዳይ ነው። የተስተካከለ ብስክሌትም ቢሆን ከባድ ማርሽ ይዘው ከደብረ ሲና ሲወጡ ጉልበት ይጨፈልቃል። ሲወጡ የቀኝ ጉልበትዎን በ15 ሴኮንድ ስንት ጊዜ ወደ ላይ እንደሚመጣ ይቁጠሩ። ሜዳ ላይ 20፣ ዳገት ላይ ቢያንስ 15 ይሁን። 10 ወይም 11 ከሆነብዎ፣ በሜዳማ አገር ለሚወዳደር ሰው የተመረጠ ማርሽ ነው የያዙት። የኋላው ትልቁ ማርሽ ባለ 25 ጥርስ ከሆነ ባለ 32 ጥርስ እንዲሆን እመክራለሁ፤ ማርሽ ቀያሪው ይህንን መሸከም መቻሉ ግን አስቀድሞ ይታይ። የጠዋት ውርጭ ባለበት ወቅት ደግሞ ጉልበትዎን ሸፍነው ይንዱ፤ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች በቀላል ማርሽ ይጀምሩ።

ይህን ሁሉ አድርገው ከሦስት ሳምንት በኋላ ካልተሻለዎ ባለሙያ ዘንድ መሄድ ገንዘብ ማባከን አይደለም። ጥሩ ባለሙያ ብስክሌቱን ከመንካቱ በፊት ይጠይቅዎታል፤ የት ያምማል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ወድቀው ያውቃሉ፣ ቀኑን ሲቆሙ ነው ወይስ ሲቀመጡ የሚውሉት? ከዚያ አስተኝቶ የእግሮችዎን ርዝመት ያመዛዝናል፣ ውስጥ እግርዎን ያያል፣ ምን ያህል እንደሚተጣጠፉ ይፈትሻል። ከዚያ በኋላ ነው ብስክሌቱን በቦታው አቁሞ እያስነዳ፣ ከቀኝም ከግራም የሚለካው። አንድ እግርዎ አጥሮ ከተገኘ ከዚያኛው ክሊት ሥር ስስ ንጣፍ ይጨምራል። የለካውን ሁሉ ጽፎ ይሰጥዎታል፤ ከሳምንታት በኋላም ተመልሰው እንዲመጡ ይቀጥርዎታል። ቁመትዎን ብቻ ጠይቆ ኮርቻ ለማንሳት ቁልፍ የሚያነሳ ከሆነ ግን ብስክሌትዎን ይዘው ይውጡ።

ጉልበትዎ ካበጠ፣ ደረጃ ሲወርዱ ከከዳዎት፣ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳዎ ከሆነ፣ ወይም መደንዘዙ ከብስክሌቱ ወርደውም ካልለቀቀዎ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም። ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ይመልከትዎ።

ወደ እኔ ለመምጣት ከወሰኑ ብስክሌቱን ብቻ ሳይሆን ጫማውንም ከነንጣፉ፣ ከነካልሲዎ ይዘው ይምጡ። ንጣፉንም ሆነ ጫማውን አይጠቡት፤ የጣቶችዎ አሻራ የጠቆረበትን ቦታና ክሊቱ የተፋቀበትን ጎን ማየት እፈልጋለሁ።