ደብረ ብርሃን ላይ ጫጩት ሌሊት ሌሊት ለምን ያልቃል?

ወንድሜ፣ «ደብረ ብርሃን 50 የኮኮክ ጫጩት ገዝቼ በሳምንት ውስጥ 14 ሞቱብኝ፤ ጠዋት ጥግ ላይ ተደራርበው ነው የማገኛቸው። የቦቫንስ እንቁላልስ አበሻ ዶሮ አስታቅፌ ማራባት እችላለሁ?» ብለሃል።

ተደራርበው ከተገኙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርድ ነው። ሲበርዳቸው አንዱ በአንዱ ላይ ይወጣል፣ ከሥር ያለው ይታፈናል። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ትቀንሳለህ። ሞቃታማው ሸዋ ሮቢት ላይ የሚበቃ አምፖል ለደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ አይበቃም። ቴርሞሜትር ከሌለህ አተኛኘታቸውን እይ። አምፖሉ ሥር ወይም ጥግ ላይ ከተከመሩ በርዷቸዋል። ክንፋቸውን ዘርግተው እያለከለኩ ግድግዳ ከተጠጉ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሸሹ ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ ፈልገህ ድፈነው። ተበታትነው ከተኙ ደህና ነው።

መብራት ስለሚጠፋ አምፖል ብቻ አትመን። ሃይ ቦክስ፣ ማለትም ሙቀት እንዳያመልጥ በገለባ የተከበበ የጫጩት ማደሪያ ሳጥን፣ ሥራ። 50 በ60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሳጥን ትልቅ ሳጥን ውስጥ ታስገባና መሐሉን 10 ሴንቲ ያህል በደረቅ የገብስ ገለባ ትጠቀጥቃለህ። ከላይ ገለባ የተሞላ ጆንያ ትከድናለህ፤ ከክዳኑ ሥር ግን ጣት የሚያስገቡ ጥቂት የአየር ቀዳዳዎች ተው። የሚያሞቃቸው የራሳቸው ገላ ነው። ስለዚህ አሁን 36 ብቻ ከቀሩህ ሳጥኑ ይሰፋቸዋል፤ ዳርና ዳሩን ገለባ ጨምረህ አጥብበው። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልተህ፣ ክዳኑን አጥብቀህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ አስገባ፤ ለብ ሲል ቀይረው። ውሃና መኖ ቀን በሚውሉበት በወንፊት ሽቦ በታጠረው ቦታ ይሁን እንጂ ሳጥኑ ውስጥ አይግባ፤ የረጠበ ገለባ ሙቀት አይዝም፣ ኮክሲዲያ የተባለውን የአንጀት በሽታም ያመጣል። ኩሳቸው ደም ከቀላቀለ ጉዝጓዙን በሙሉ ቀይርና ቶሎ የእንስሳት ሐኪም አማክር። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ግን በፍጹም! ጭስ ባይታይም ጋዙ ጫጩቱንም አንተንም ይገድላል።

አዲስ ጫጩት ስታመጣ መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ መኖ። ቂጣቸው ላይ ኩስ ከደረቀ በሞቀ ውሃ አርጥበህ አንሳው እንጂ አትንጨው።

ወደ ማራባቱ ስንመጣ፣ የቦቫንስ እንቁላል አታስታቅፍ። ለገበያ የሚመጣው አውራ ከሌለበት ቤት ስለሆነ አይፈለፈልም። አውራ ቢኖርም ቦቫንስ ድቅል ነው፤ ልጆቹ እንደ እናታቸው አይጥሉም። ኮኮክ ግን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዳቀለና ዘሩ የረጋ ነው፤ የራሱን መልክ ይወልዳል። ለ8 እስከ 10 ቄብ አንድ አውራ ይበቃል። ኮኮክ ራሷ ብዙም አትታቀፍም፤ ስለዚህ እንቁላሏን ለአበሻ ዶሮ ስጥ። በብርድ ወራት ከ10 አታሳልፍ፤ ከክንፏ የተረፈው እንቁላል ይበርደዋል። ከ7 ቀን በላይ የቆየ አትጠቀም። ከሸዋ ሮቢት ጣርማበርን አቋርጦ የመጣ እንቁላል ደግሞ መንገዱ አናውጦታልና ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገህ አንድ ሌሊት አሳርፈው።

በ7ኛው ቀን ማታ በሞባይልህ ባትሪ አብራበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀይ የደም ሥር ካየህ መልሰህ ከሥሯ አስገባ፤ ጥርት ብሎ ካበራ አውጣው። በ21ኛው ቀን ይፈለፈላሉ፤ ያኔ ሽንቁር ያወጣውን ቅርፊት ልርዳ ብለህ አትላጥ፣ ደም ሥሩ ገና አልደረቀም።