ጥያቄና መልስ ከነርሷ ጋር፦ ደም ግፊትና ቅድመ መከላከል (ደሴና ኮምቦልቻ)

ሲስተር፦ በሽታ ሳይመጣ ነርስ ስለምትሠራው ሥራ ጠይቁ። መድኃኒት እዚህ አላዝም። ከሁሉም በፊት ግን፦ ሰውን ሳታሳርፉ ግፊት አትለኩ።

የሆጤ ልጅ፦ ጤና ጣቢያ 150/95 አሉኝ፤ ቤት ስለካ 130/84 ነው። የቱን ልመን?

ሲስተር፦ እንዴት እንደተለካ ሳትነግረኝ የቱንም አላምንም። የደሴን ዳገት ወጥተህ እንደገባህ ካፍ (በአየር የሚነፋው የክንድ ማሰሪያ) ከታሰረልህ የተለካው ዳገቱ ነው። 5 ደቂቃ ቁጭ ብለህ፣ ጀርባህን ተደግፈህ፣ እግርህን ሳታጠላልፍ፣ ክንድህ ጠረጴዛ ላይ በልብህ ትይዩ አርፎ። ሽንት ከያዘህ ቀድመህ ሽና። ቡናና ሲጋራ ከ30 ደቂቃ በፊት ይቁሙ፤ ጫት የተቃመበት ቀን ልኬት ግን ጨርሶ ለውሳኔ አይሆንም። እየተለካህ አታውራ፣ ለኪዋም አታስወራህ። በ1 ደቂቃ ልዩነት 2 ጊዜ ይለካ። የመጀመሪያ ቀን በሁለቱም ክንድ፣ ከዚያ በኋላ ከፍ ባለው። በተለያየ ቀን 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለብህ። የቤት ልኬት ወሰኑ 135/85 ነው፤ መለኪያው ግን ክንድ ላይ የሚታሰር ይሁን።

ተማሪ ነርስ፦ በስቴቶስኮፕ (በጆሮ ማዳመጫው) ስለካ የላይኛው ቁጥር ከጓደኞቼ ያንሳል። ጆሮዬ ይሆን?

ሲስተር፦ ጆሮህ አይደለም፣ አነፋፍህ ነው። መጀመሪያ የእጅ አንጓውን ምት ዳስሰህ ንፋ፤ ምቱ የጠፋበትን ቁጥር ያዝ። አስተንፍሰህ ትንሽ ቆይ፣ ከዚያ ቁጥር 30 አሳልፈህ እንደገና ንፋ። አንዳንድ ሰው ላይ በስቴቶስኮፑ የሚሰማው የምት ድምፅ መሃል ላይ ጠፍቶ ዝቅ ብሎ ይመለሳል፤ አሳንሰህ ከነፋህ ሁለተኛውን ድምፅ እንደ መጀመሪያ ትቆጥረዋለህ፣ 180 የሆነውን ሰው በ150 ትሸኘዋለህ። አየሩን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ መለኪያው በሰከንድ 2 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይውረድ። ሁሉንም ወደ 120/80 እያጠጋጋህ አትጻፍ። ካፉንም እይ፦ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ካፍ ቁጥሩን ያለአግባብ ከፍ ያደርጋል።

ቦርከና፦ ሲስተር፣ ተራው በር ድረስ ተሰልፎ 5 ደቂቃ ማን ያሳርፋል?

እመ ሁለት፦ ይሄ እኮ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ነው። ቤት ለቤት ትለካ።

ቦርከና፦ ክትባቱም፣ መጸዳጃ ቤቱም፣ የእርጉዞች ክትትሉም እሷ ላይ ነው! ነርሶች ምን ሊሠሩ ነው?

እመ ሁለት፦ ነርስ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ካርድ ትጽፋለች...

ሲስተር፦ ይብቃችሁ። ኤክስቴንሽኗ ከፍ ያለውን ለይታ ትልካለች፤ ነርሷ ደግማ ለክታ ታረጋግጣለች፣ ታስተምራለች፣ በቀጠሮው ያልመጣውን ታፈላልጋለች። አንዷ ከሌለች የሌላዋ ድካም ከንቱ ነው። ቦርከና፣ ማረፊያውማ ወረፋው ላይ ነው፦ አግዳሚ አስቀምጡ፣ ተራ ጠባቂው ቁጭ ብሎ ይረፍ።

አዲስ አባል፦ እናቴ ግፊት አለባት፣ ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ ቁጥር ስንት? ዕድሜ? መድኃኒት? ምልክት? እንዲህ አይጠየቅም።

እመ ሁለት፦ የኩፍኝ ክትባት ከተበጠበጠ በኋላ ለነገ ይቀመጣል?

ሲስተር፦ አይቀመጥም። 6 ሰዓት ሲሞላው ወይም የክትባቱ ፕሮግራም ሲያልቅ፣ ቀድሞ በመጣው ይጣላል። ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ያው ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ ጀርም ይራባል።

ቦርከና፦ ኮምቦልቻ ወባ አለ፣ ደሴ የለም ይላሉ?

ሲስተር፦ ኮምቦልቻ ከ2000 ሜትር በታች ናት፣ አጎበር ያስፈልጋታል። ደሴ ከፍ ትላለች፤ ቆላ ደርሶ የመጣ ሰው ግን ካተኮሰው ይመርመር።

የገራዶ፦ ጨው ቀንሱ ይሉናል፤ ወጥ ያለ ጨው ይበላል እንዴ?

ሲስተር፦ ይበላል፣ ግን ቀስ በቀስ ነው የሚለመደው። ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ። ሰው የሚስተው ቦታ ይህ ነው፦ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ወጡ ሲሠራ ይጨመራል፣ ገበታ ላይ ሚጥሚጣው አለ፣ ቡናውም በጨው የሚጠጣበት ቤት አለ። በርበሬ ሲፈጭ ጨው አይግባበት፤ ያኔ ምን ያህል እንደምትጨምሪ ድስቱ ላይ ታውቂዋለሽ። የምትገዥው አዮዲን ያለው ይሁን፤ የምንቀንሰው ጨውን እንጂ አዮዲንን አይደለም።

ሰኞ ገበያ፦ እኔም ጤና ጣቢያ 150 አሉኝ፣ ልመን?

ሲስተር፦ ከላይ ለሆጤ ልጅ መልሻለሁ። ሳታርፍ አትለካ!

አዲስ አባል፦ ሲስተር ይቅርታ፣ አሁን አስለካኋት። 186/114፣ አርፋ ሁለት ጊዜ። 58 ዓመቷ ነው፣ ራሷን ያማታል፣ ዓይኗም ብዥ ይላል።

ሲስተር፦ ጎሽ፣ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ዛሬውኑ፣ አሁን ሆስፒታል ውሰዳት። ከጎረቤት የተዋሳችሁትን ክኒን እንዳትሰጧት፤ ግፊት በድንገት ሲወርድ ለአንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል። የምትወስደው መድኃኒት ካለ ፓኬቱን ይዘህ ሂድ፣ ያቋረጠችበትንም ቀን ለሐኪሙ ንገር።